ብቀር የሚጠይቁኝ ሰዎች

የስደት ከባዱ ነገር ምንድነው ብትሉኝ ብርዱ ነው አልላችሁም። ድካሙም አይደለም። ለእኔ ከባዱ ብቀር የሚጠይቀኝ ሰው ማጣቴ ነበር። ከሥራ ስቀር ይደወልልኛል። የሚፈለገው ግን ፈረቃውን የሚሸፍን ሰው እንጂ እኔ አይደለሁም። እዚህች ትንሽ ከተማ ስገባ ክፉ ሰው አልገጠመኝም። ሁሉም ሰላም ይለኛል፣ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ስሜን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ዓመታት እንዲህ ሄዱ።

ይህን የቀየረልኝ የከተማችን ሮታሪ ክለብ ነው፤ የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች እየተሰበሰቡ በጎ ሥራ የሚሠሩበት ማኅበር ነው። ስለ እሱ ልጽፍላችሁ ካሰብኩ ቆየሁ። በየትናንሹ ከተማ የተበተኑ የእኛ ሰዎች፣ ልክ እንደ እኔ፣ በሩ የተዘጋ እየመሰላቸው በአጠገቡ ያልፋሉ። ሮታሪ ሲባል ሀብታም ነጋዴና ባለሥልጣን በትልቅ አዳራሽ የሚሰበሰቡበት ይመስለናል። የእኛ ክለብ ውስጥ ያሉት የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ገበሬ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የቀብር አስፈጻሚው፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌርና የባንኩ ኃላፊ ናቸው። እኔም አለሁበት፤ የነርስ ረዳት ነኝ።

የገባሁት እንዲህ ነው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ያኔ የቀን ፈረቃ ነበርኩ። ከምንከባከባቸው አንዱ አዛውንት ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ጠያቂ አያጡም። የሚገርመው፣ ጠያቂው በየሳምንቱ ሌላ ሰው ነው። አንዱ ሐሙስ ወጣት ወንድ፣ ሌላው ሐሙስ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ሴት። አንድ ቀን «ዘመድዎ ብዙ ነው፤ ታድለዋል» አልኳቸው።

«ዘመድ አይደሉም። የክለቤ ሰዎች ናቸው» አሉኝ።

ለብዙ ዘመን የክለቡ አባል ነበሩ። መራመድ ሲያቅታቸው ክለቡ ተራ አወጣላቸው። ተራው የደረሰው አባል ጠዋት በስብሰባው የሰማውን ከሰዓት መጥቶ ያወራላቸዋል። ማን ንግግር አደረገ፣ ማን ቀረ፣ ማን የልጅ ልጅ አየ፣ የትኛው ድልድይ ሊጠገን ነው። አልጋ ላይ ሆነው ከተማዋን ከእኔ በላይ ያውቋት ነበር። እኔ በየቀኑ የምመላለስባትን ከተማ!

ከጠያቂዎቹ አንዷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ስሜን ጠየቁኝ። ተራቸው ደርሶ ሲመለሱ ሳያስተካክሉት አልጠሩኝም፤ ልክ እናቴ እንደምትጠራኝ አድርገው ጠሩኝ። ከዚያ «ሐሙስ ጠዋት የእኔ እንግዳ ሆነሽ ነዪ» አሉኝ። ሄድኩ።

አሁን ፈረቃዬ የሌሊት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ስብሰባው 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ 2 ሰዓት ላይ ያልቃል። በዚህ ሰዓት ቀልድ የለም። ፕሬዚዳንቱ ደወል መትቶ ይከፍታል፣ ደወል መትቶ ይዘጋል። ተናጋሪው ከንቲባው ቢሆኑም ሰዓቱ ሲደርስ ያበቃል፤ ሁሉም ሥራ አለበትና። መጀመሪያ እንግዶች ይተዋወቃሉ። ከዚያ ማስታወቂያ አለ። የታመመ ማን ነው? ለቅዳሜው ሥራ መሰላል ያለው ማን ነው? ለተማሪዎች ስኮላርሺፕ ማመልከቻ የሚያነቡ ሦስት ሰዎች ይፈለጋሉ። ከዚያ 20 ደቂቃ ለዕለቱ ተናጋሪ ይሰጣል።

ስለምኖርባት ከተማ ከማውቀው ብዙውን ያገኘሁት ከእነዚህ 20 ደቂቃዎች ነው። አንድ ሐሙስ የከተማው የመንገድ ኃላፊ መጣ። በረዶ ሲጥል መጀመሪያ የሚጠረገው ወደ ሆስፒታሉና ወደ እሳት አደጋ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ነው አለን። ቀጥሎ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚሄድባቸው። የእኛ ሰፈር መንገድ ለምን ሁልጊዜ መጨረሻ እንደሚደርሰው ያን ቀን ገባኝ። እስከዚያ ድረስ ስደተኛ የሚበዛበት ሰፈር ስለሆነ ነበር የሚመስለኝ። ሌላ ሳምንት ንብ አናቢ ይመጣል፣ ሌላ ሳምንት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ትመጣለች። ተናጋሪው ከጨረሰ በኋላ እጅ አውጥቶ መጠየቅ ይቻላል። እኔም እጠይቃለሁ።

አባል ስሆን መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ በር ላይ ቆሞ እጅ መጨበጥ ነው። ደረታችን ላይ ስማችንና ሙያችን የተጻፈበት ባጅ እናደርጋለን። እኔ የእነሱን አነባለሁ፤ እነሱ የእኔን ያነባሉ። ጥቂት ሳምንታት እንዲህ ካደረግሁ በኋላ ባጁን ሳላይ ስማቸውን መጥራት ጀመርኩ። ይህን ሥራ ለአዲስ ሰው መስጠት ታላቅ ብልሃት ነው እላለሁ። ከሁሉም በላይ ባዳ የሆነችው ሴት ሌላውን «እንኳን ደህና መጣህ» ባይ ትሆናለች። የነርስ ረዳት የሚለው ጽሑፍ ደግሞ የባንክ ኃላፊ ከሚለው በፊደል መጠን አያንስም። ይህ ነገር ለእኔ ትንሽ አይደለም። ሮታሪ ከጥንት ጀምሮ አባላቱን በሙያ ለያይቶ ነው የሚመዘግበው፤ የአንድ ሙያ ሰዎች ብቻ ክለቡን እንዳይሞሉት።

ታሪኩን ሳነብ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ሮታሪን የጀመረው ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ነው። ቨርሞንት ውስጥ ዎሊንግፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ አያቶቹ ጋ አደገ። በኋላ ቺካጎ ገብቶ የጥብቅና ሥራ ጀመረ። ደንበኛ ነበረው፣ ወዳጅ ግን ናፈቀው። በትንሿ ከተማ የለመደው መቀራረብ ትልቁ ከተማ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከአንድ የከሰል ነጋዴ፣ ከአንድ የማዕድን መሐንዲስና ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ተሰበሰበ። አራት ሰዎች። የዛሬው ድርጅት ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። ጅማሬው ግን ያደገበትን ቀዬ ለቆ ብቸኝነት የተሰማው ሰው ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ክለቡ ለእኔ ዓይነት ሰው የተሠራ እንጂ በችሮታ የተቀበለኝ አይመስለኝም።

ከስብሰባው ሁሉ የምወደው «የደስታ ዶላር» የሚሉትን ነው። ትንሽ ሣጥን ትዞራለች። ደስ ያለህ ሰው ዶላር ከትተህ ደስታህን ትናገራለህ። ልጄ መንጃ ፈቃድ አገኘች። የባለቤቴ የምርመራ ውጤት ጥሩ ሆነ። ላሜ መንታ ወለደች። አንዳንዱ ሐዘኑንም ይናገራል፤ ማንም አይከለክለውም። ከእኛ ክለብ ሣጥን የሚወጣው ገንዘብ ለፖሊዮ ዘመቻ ይሄዳል።

ለረጅም ጊዜ ዶላሬን ከትቼ ዝም እል ነበር። እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኝ ነበር፤ ደግሞ የምናገረው ደስታ ለእነሱ ምን ይመስላል ብዬ እተወዋለሁ። አንድ ሐሙስ ተናጋሪው ስለ ፖሊዮ ነበር የመጣው። ሮታሪ በ1979 ፊሊፒንስ ውስጥ ሕፃናትን በማስከተብ እንደጀመረ ነገረን። በ1985 ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሆነ። በ1988 ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር ተባበሩ። ያን ጊዜ በ125 አገሮች በዓመት ወደ 350,000 ሰው በፖሊዮ ሽባ ይሆን ነበር። ዛሬ ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል። ቫይረሱ ሳይቋረጥ የቀረባቸው አገሮች ፓኪስታንና አፍጋኒስታን ናቸው። አድማጩ ያጨበጭባል። እኔ የማስበው ታላቅ ወንድሜን ነው።

ወንድሜ በልጅነቱ አንድ እግሩ ሰልሏል። ፖሊዮ ነው። ትምህርት ቤት ስንሄድ ደብተሩን እኔ እይዝለታለሁ፤ እሱ ጉልበቱን በእጁ ደግፎ ይራመዳል። ሣጥኗ እኔ ጋ ስትደርስ ተነሣሁ። «ወንድሜ ክትባቱ ሳይደርስለት ቀርቷል። ልጆቹ ግን ሁሉም ተከትበዋል፤ ሁሉም ይሮጣሉ። የዛሬው ዶላር ስለ እነሱ ነው» አልኩ። ሰዋሰዉ ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬም አላስታውስም። ክፍሉ ዝም አለ። ገበሬው ተነሥቶ የያዘውን ሣጥኗ ውስጥ ከተተ፣ ከዚያ ሌላው። የእነዚህ ሰዎች ዶላር ለብዙ ዓመት ማንነቱን ወደማያውቁት ልጅ ሲሄድ ኖሯል። ያን ጠዋት የአንዱን ቤተሰብ አዩ። እኔም የላኪዎቹን ፊት አየሁ።

ሳምንቱ በሐሙስ አያልቅም። የጸሐፊዋ ኢሜይል ዓርብ ይደርሳል፤ ማን ምን እንደሚሠራ ተጽፎበታል። ቅዳሜ ብዙ ጊዜ ሥራ አለ። መንገድ ዳር ቆሻሻ እንለቅማለን፣ ደም ልገሳ ላይ ጠረጴዛ እንዘረጋለን። ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች መዝገበ ቃላት እናድላለን፤ ልጆቹ ስማቸውን ሲጽፉበት ማየት ደስ ይላል። እኔ ግን ከሁሉ የምመርጠው የዊልቸር መወጣጫ መሥራትን ነው። የሚመከረው ስሌት ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ኢንች ከፍታ 12 ኢንች ርዝመት። የበሩ ደረጃ 21 ኢንች ከፍታ ካለው መወጣጫው 21 ጫማ ይረዝማል ማለት ነው። ሦስት ደረጃ ብቻ ያለው ቤት ግቢውን የሚያቋርጥ እንጨት ይፈልጋል! ሰዎች አይተው «ይህን ያህል ለምን አረዘማችሁት?» ይላሉ። ዊልቸር ገፍቶ የማያውቅ ነው እንዲህ የሚል። እኔ ስለምገፋ አውቃለሁ። ቁልቁለቱ ከበዛ ወንበሩ ያመልጣል፣ ሽቅብ ሲሆን ደግሞ ክንድ ይጨርሳል። በዚህ ሥራ ላይ የባንኩ ኃላፊ እኔን ነው የሚጠይቀው። ወንበሩ የት ጋ ይዞር? በሩ ፊት ምን ያህል ቦታ ይተው? እኔ እለካለሁ፣ እሱ ይቆርጣል።

እንድገባ የጋበዙኝ አስተማሪ የክለባችን የመጀመሪያዋ ሴት አባል ናቸው። ሮታሪ ለብዙ ዘመን የወንዶች ብቻ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ የዱዋርቴ ክለብ በ1977 ሴቶችን አስገባ፤ በዚህም ምክንያት ከድርጅቱ ተሰረዘ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1987 ሴቶችን አለመቀበል እንደማይቻል ተወሰነ። ድርጅቱም በ1989 ደንቡን ለወጠ። አስተማሪዋ መጀመሪያ የገቡ ሰሞን የሚያናግራቸው ያጡ እንደነበር አጫውተውኛል። ለምን በር ላይ እንዳቆሙኝ ያኔ ተረዳሁ። ሐሳቡ የእሳቸው ነበር።

ችግር የለም አልልም። አባላቱ እያረጁ ነው። መዋጮ አለ፤ ለሁሉም ሰው አይቀልም። ትንሽ ልጅ ያላቸው ማለዳ መውጣት ይከብዳቸዋል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ክለቦች በወር ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲሰበሰቡ ብቻ ስለሚጠይቅ፣ እኛም ጋ «ሁለት ጊዜ ይበቃናል» የሚል ሐሳብ መጣ። የጦፈ ክርክር ሆነ።

ስብሰባ ሲዘጋ በአንድ ድምፅ የምንላቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። ኸርበርት ቴይለር የሚባል ሰው በ1932 ሊከስር የደረሰ ኩባንያ ለማዳን የጻፋቸው ናቸው። እውነት ነው ወይ? ለሚመለከታቸው ሁሉ ፍትሐዊ ነው ወይ? በጎ ፈቃድንና ወዳጅነትን ያሳድጋል ወይ? ለሚመለከታቸው ሁሉ ይጠቅማል ወይ? አንዲት ወጣት እናት ሁለተኛዋን ጥያቄ አነሣች። «ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በዚሁ ሰዓት ነው። ይህ ለእኔ ፍትሐዊ ነው?» አለች። እውነቷን ነው። እኔ ደግሞ ስለ አዛውንቱ ተናገርኩ፤ በዚያን ጊዜ አርፈዋል። ስብሰባው በየሳምንቱ ባይሆን ኖሮ በየሳምንቱ የሚሄድ ጠያቂ አይኖርም ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚገናኝ ሰው ሌላውን ቢያጣው «ሥራ ይዞት ይሆናል» ብሎ ያልፋል፤ ቀጥሎ እስኪገናኙ ወር ይሞላል። በወር ውስጥ ሰው ብዙ ነገር ይሆናል። እኔ ሁለት ሐሙስ ብቀር የቧንቧ ሠራተኛው ይደውልልኛል። አንድ ክረምት ጉንፋን ጥሎኝ ደጄን የጠረገልኝ እሱ ነው፤ መቅረቴን ባያይ አያውቅም ነበር።

የወሰንነው አስታራቂ መንገድ ነው። ሦስቱ ሐሙስ ማለዳ ቀጠሉ። አንዱ ወደ ምሽት ተዛወረ፤ ልጆችም ይመጣሉ፣ የሚታሸግ ዕቃ ካለ አብረው ያሽጋሉ። ወጣቷ እናት ከዚያ ወዲህ ምሽቱን ቀርታ አታውቅም። እኔ በዚያ ሳምንት ከሥራ በፊት እመጣለሁ፣ ስንለያይ ቀጥታ ወደ ፈረቃዬ።

መግባት ለምትፈልጉ፦ ሮታሪ በግብዣ ነው የሚገባው፤ ግን ግብዣው እስኪመጣ መጠበቅ የለባችሁም። አባል የሆነ ሰው ካወቃችሁ «በእንግድነት ልምጣ ወይ?» ማለት በቂ ነው። ካላወቃችሁም ለክለቡ ጸሐፊ ጻፉ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ በእንግድነት ተገኙ። መዋጮው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል በግልጽ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ሰዓቱ ካልተስማማችሁ የምሽት ክለብ መኖሩን አጣሩ። ከተማችሁ ሮታሪ ባይኖረው ላየንስ ወይም ኪዋኒስ የሚባል ክለብ ሊኖር ይችላል፤ ሥራቸው ይቀራረባል። ስታመለክቱ ሙያችሁን ሳታሳንሱ ጻፉ። ጽዳት ከሆነ ጽዳት፣ ሹፌር ከሆነ ሹፌር። ቅዳሜ መወጣጫ ስንሠራ ሁሉም ይፈለጋል።