ቁርጡን የማወቅ ጥማት

ጭፍን ጥላቻ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ክፉ ሰዎች ይሄዳል። እኔን ሰሞኑን የሚያብሰለስለኝ ግን የደጋግ ሰዎች ጥላቻ ነው። ብዙው ቅድመ ፍርድ የሚመጣው ትዕግስት ከማጣት ይመስለኛል። አለማወቅ ይከብዳል። ቁርጡን አውቀን እፎይ ማለት እንፈልጋለን።

መሥሪያ ቤታችን አዲስ ሰው ገባ። ዝምተኛ ነው። ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ «ኩራተኛ ነው» ተባለ። በማግሥቱ እየዞረ ሁሉንም ሰላም አለ። «አሁን ደግሞ ማስመሰል ጀመረ!» ምን ቢያደርግ ይሻለው ነበር? ይህን ካሉት አንዷ ለሰው ሟች ናት፤ የታመመ ጠያቂ፣ የተቸገረ ረጂ። «ገና አላወቅነውም» ብሎ መቆየት ግን አልሆነላትም።

አርዬ ክሩግላንስኪ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ይህን ጠባይ በደንብ አጥንቶታል። መጀመሪያ ያገኘነውን መልስ አፈፍ እናደርጋለን፤ ከዚያ ሙጭጭ ነው። የጊዜ ጥበት፣ ጫጫታና ድካም ሲጨመሩበት ይብሳል።

ከእሱ በፊት ሌላዋ የሥነ ልቦና ምሁር ኤልሰ ፍሬንከል ብሩንስዊክ ነበረች። ናዚዎች ቪየና ሲገቡ ወደ አሜሪካ የተሰደደች አይሁዳዊት ናት፤ ስለ ጥላቻ ለማወቅ በቂ ምክንያት ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1949 የጻፈችው አንድ ሙከራ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። መጀመሪያ የውሻ ሥዕል ይታያል። ቀጣዩ ትንሽ ይለወጣል፤ የሚከተለውም እንዲሁ። መጨረሻው ድመት ነው። ጭፍን ጥላቻ የሚያይልባቸው ሰዎች «ውሻ» ያሉትን ቶሎ አይለቁም። ልብ በሉ፣ የተጠየቁት ስለ ሰው እንኳ አይደለም!

ሰውን በጎራ መመደብ ራሱ ኃጢአት ነው የሚሉኝን አልቀበልም። ሳይመድብ የሚያስብ ጭንቅላት የለም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 መስመሩን ጥሩ ቦታ ላይ አስምሮታል፦ አዲስ ማስረጃ ሲመጣ የሚታረም ከሆነ ተራ ስህተት ነው፤ አልታረምም ካለ ጭፍን ጥላቻ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የቤልጅየም ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ አስገርሞኛል። ከሌላው ወገን ሰዎች ጋር መቀራረብ ጥላቻን ይበልጥ የሚቀንሰው ቁርጥ ያለ መልስ በሚወዱት ሰዎች ላይ ነው። እኔ ተቃራኒውን ነበር የምገምተው። ግን ማን አምጥቶ ያቀራርባቸው? በፈቃዳቸው ከሆነ ከለመዱት ሰው አጠገብ ንቅንቅ አይሉም።