አባቴ ሲናገር ያልሰማሁበት ሌሊት

አባታችን ያረፈው ከአራት ዓመት በፊት በኅዳር ውርጭ፣ መንዝ ውስጥ እኛን ሦስታችንን ባሳደገበት ቤት ነው። በመጨረሻው ሌሊት ሁላችንም አጠገቡ ነበርን፤ ታላቅ እኅቴ ከሸዋ ሮቢት፣ እኔ ከደብረ ብርሃን መጥተን ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ከመጀመሪያውም ከጎኑ አልተለየም። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ አባታችን ስለ ቤቱ አንድ ቃል ተናገረ። እኅቴ «ቤቴ አይሸጥ» ሲል ሰምታለች፤ ወንድሜ «ቤቴ አይዘጋ» ሲል ሰምቷል። እኔ ግን ከአልጋው ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጬ ምንም አልሰማሁም። የቀረኝን የዓመት ፈቃድ እየቆጠርሁ፣ በማግሥቱ ወደ ሐኪም ቤት የምንወስድበትን መኪና በስልኬ እያፈላለግሁ ነበር።

ሁለቱ ቃላት በደከመ አንደበት ሲነገሩ ሊምታቱ ይችሉ ይሆናል፤ የሚያስከትሉት ነገር ግን ይለያያል። ቤቱ የድንጋይ ግድግዳና የጓሳ ሣር ክዳን ያለው የቆየ የመንዝ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ክዳን ዕድሜ የሚያገኘው ከሥሩ በሚነደው እሳት ጭስ ነው፤ በር ተዘግቶ ምድጃው ከቀዘቀዘ እርጥበት ይገባውና ሣሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ «አይዘጋ» ማለት አንድ ሰው ይኑርበት ማለት ነው፤ የሚኖርበት ደግሞ ወንድሜ እንጂ ሌላ አልነበረም። እኅቴ ይህን ስታስብ ወንድሜ ቤቱን ለራሱ ሊያደርግ ቃል ለወጠ ብላ አዘነች። እሱም በበኩሉ እሷ ከቤቱ ልታስወጣው እንደፈለገች አድርጎ ወሰደው።

በአርባው ዕለት ሽማግሌዎች ጠርተውን አንደኛው ወደ እኔ ዞሩና «ልጄ፣ አንተም እዚያው ነበርህ፤ ምን ሰማህ?» አሉኝ። እኔም ሳላመነታ «አይሸጥ ነው ያለው» ብዬ መለስሁ። ሆን ብዬ አልዋሸሁም። እኅቴ በእነዚያ አርባ ቀናት ደጋግማ ስለነገረችኝ፣ ንግግሯ በአባቴ ድምፅ ሆኖ ጆሮዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ፤ «ጋሼ፣ አንተም?» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም።

የተሳሳትሁበትን ቦታ ያገኘሁት አክስቴ ቤት፣ እንዝርት ይዤ ነው። አክስቴ ባና ለሚባለው ወፍራም የብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ እጄ ሥራ ፈትቶ ስልክ ሲነካካ ማየት ስለሰለቻት አንድ ቀን «እንካ፣ ሞክር» ብላ ሰጠችኝ። የተነደፈውን ጠጉር በግራ እጅ ይዞ በቀኝ እንዝርቱን እያሾሩ ሲስቡት ጠጉሩ ይጠመዘዝና ክር ይሆናል። አሳሳቡ ትንሽ ከፈጠነ ክሩ ይሳሳል፣ ከዚያም ይበጠሳል፤ ከዘገየ ይጎረብጣል። ምን ያህል እንደሚሳብ የሚያውቁት ጣቶች ናቸው፤ ጣቶቹም የሚያውቁት ያን ጊዜ ብቻ፣ ጠጉሩ በመካከላቸው ሲያልፍ ነው። የመጀመሪያ ቀን ክሩ በተበጠሰ ቁጥር አክስቴ «ልብህ የት ሄደ?» ትለኝ ነበር። እኔም በእርግጥ የት እንደሄደ እፈልገዋለሁ፦ አንዴ ቢሮ፣ አንዴ የቤት ኪራይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ ሌሊት ላይ ነበር።

በአማርኛችን ማስተዋልን «ልብ ማለት» እንላለን። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስናገረው ኖሬ ትርጉሙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ሰውነት ባለበት ልብም ይኑር ማለት ነው። እየፈተልሁ ያን ሌሊት ለማስታወስ ስሞክር፣ የስልኬን ብርሃንና አንድ ባለ መኪና የጠየቀኝን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ አስታወስሁ። የአባቴን ድምፅ ግን አጣሁት። ከአፉ የወጣውን ቃል ስፈልግ የማገኘው የእኅቴን ፊት ነበር። ለሽማግሌዎቹ የሰጠሁት ምስክርነት የእኔ እንዳልነበረ የተረዳሁት በዚህ መንገድ ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የዴንማርኩ ፈላስፋ ሶረን ኪርክጎር፣ እውነትን ከሚይዛት ሰው ለይቶ ማየት እንደማይበቃ ሲያስረዳ ያነሣው አንድ ምሳሌ አለ። ከአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ያመለጠ ሰው፣ ጤነኛ መሆኑን ለማሳመን ብሎ ሰው ሁሉ የማይክደውን እውነት፣ መሬት ክብ መሆኗን፣ ያለ ማቋረጥ ይደጋግማል። የሚናገረው እውነት ነው፤ ሰውየው ግን በዚያ ጤነኛ አይሆንም። እኔም በሽማግሌዎቹ ፊት ይህን ሰው ነበርሁ። አባቴ በእርግጥ «አይሸጥ» ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ከእኔ አፍ ሲወጣ ግን ባዶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቼ መናገር እፈልጋለሁ። በአሁኑ ጊዜ «የእኔ እውነት ይህ ነው» ማለት ክርክር መዝጊያ ሆኗል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። አባቴ አንድ ነገር ተናግሯል፤ የተናገረውም እኛ ስለፈለግነው አይለወጥም። እውነት የግል የምትሆነው የሚቆምላት ሰው ራሱ በቦታው ተገኝቶ ሊቀበላት ስለሚገባ፣ ሌላ ሰውም ሊቀበልለት ስለማይችል ነው። አልተገኘሁም፤ ስለዚህ የማቆመው ምስክርነት የለኝም።

ከዚያ በኋላ ራሴን ያለማመድሁት በትንሽ ነገር ነው። ማታ ማታ በአንድ ደብተር ላይ በዚያ ቀን ራሴ ያየሁትን ወይም የሰማሁትን አንድ ነገር በአንድ መስመር እጽፋለሁ፤ «አሉ» የሚባለውንና «መሰለኝ» የምለውን አላስገባም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብዛኛው ገጽ ባዶ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ውዬ፣ ስብሰባ ተቀምጬ፣ ልብ ብዬ ያየሁት አንድ ነገር አጣሁ፤ ይህ በጣም አስደነገጠኝ። ከዚያ ቀስ በቀስ መጣ። «ጠዋት በጋሪ ፈረሱ አፍንጫ ዙሪያ ባለው ጠጉር ላይ ውርጭ ነጥቶ አየሁ» የሚለው እስካሁን ድረስ ደስ የሚለኝ ነው፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ያን ያህል ዓመት በዚያ መንገድ ስመላለስ አይቼው አላውቅም ነበር። ሰው ሲያናግረኝም ስልኬን ከእይታዬ አርቃለሁ። ጸሎት ላይ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ስል «ዛሬ» የምትለዋ ላይ ቆም እላለሁ። የማይሆንልኝ ቀን አሁንም ብዙ ነው፤ በተለይ ሥራ ሲበዛ።

በሁለተኛው ዓመት ከጣርማበር ወደ መንዝ በሚገነጠለው መንገድ ወጥቼ፣ እኅቴንም አስጠርቼ፣ ለሁለቱም «እኔ አልሰማሁም፤ የመሰከርሁት የእኅቴን ቃል ነው» አልኋቸው። እኅቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ወንድሜ አለቀሰ። ከዚያ እሷ፣ ከዚያ ቀን በፊት ጠይቃው የማታውቀውን ጠየቀችው፦ «አንተ የት ነበርህ ያን ጊዜ?» እሱ በግርጌው በኩል እግሩን እያሸ ነበር። እሷ በራስጌው ነበረች፤ ነገር ግን ውኃ ልታመጣ አንድ ጊዜ ወደ ጓዳ ገብታለች። አባታችን ሁለቱንም ተናግሮ ይሆን? በተነጋገርንበት ቀን አልወሰንነውም፤ ዛሬም አልወሰንነውም።

ወንድሜ አሁንም በቤቱ ይኖራል። ባለፈው ፋሲካ ሁላችንም እዚያ ተሰብስበን ሳለን የእኅቴ ልጆች ስለ አያታቸው የመጨረሻ ሌሊት ጠየቋት። እሷም ተረከችላቸውና ስለ ቤቱ የተናገረው ጋ ስትደርስ፣ «እኔ የሰማሁት አይሸጥ ሲል ነው፤ አጎታችሁ የሰማውን ደግሞ እሱን ጠይቁት» ብላ እሳቱን ልትቆሰቁስ ጎንበስ አለች።