አገር ቤት እስኪነጋ

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ!

እዚህ ቻይና፣ ዉሃን ከተማ፣ መስከረም 1 የነጋልኝ በወታደራዊ ሰልፍ ጩኸት ነው። አዲስ ገቢ ተማሪዎች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከመስኮቴ ሥር "ዪ፣ አር፣ ዪ!" (አንድ፣ ሁለት፣ አንድ!) እያሉ ይረግጣሉ። ምድጃ በማይፈቀድበት መኝታ ክፍል ዳቦዬን በሩዝ ማብሰያ ጋግሬያለሁ። አምና ሥሩ አርሮብኝ ነበር፤ ዘንድሮ አጋማሹ ላይ ገልብጬው በሁለቱም በኩል ቀላልኝ! ቤት ለመደወል አገር ቤት እስኪነጋ አምስት ሰዓታት መጠበቅ አለብኝ። ይህን የምጽፈው እየጠበቅሁ ነው።

የሕንፃችንን በር የሚጠብቁትን ሴት ሁላችንም "አዪ" እንላቸዋለን፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ራሴን አመመኝ ስላቸው "ሙቅ ውኃ ጠጪ"፣ ጉንፋን ያዘኝ ስላቸው "ሙቅ ውኃ ጠጪ"። በመጀመሪያው ዓመት ይህ ምክራቸው ያናድደኝ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ የመጨረሻውን ፈተና በጨረስኩ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ ሰባት ኢትዮጵያውያን ደጃችን መጡ። ሦስቱ ወንዶች ናቸው፤ ወንድ ደግሞ የእኛን ሕንፃ ደጃፍ አያልፍም። አዪ ምንም ሳይጠይቁ፣ ፊታቸውን ብቻ አይተው ከፈቱላቸው። የዶክትሬት ተማሪው ታላቃችን በዚያ ሙቀት ነጠላ ለብሶ በሬ ላይ ቆሟል። አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

አባቴ ከተቀበረ 11 ቀን ሆኖት ነበር። በእነዚያ ቀናት ሁለት ጊዜ ደውዬ "አባባስ?" ብያለሁ። አንዴ "ተኝቷል"፣ አንዴ "ጠበል ሄዷል" ተባልኩ። ከፋሲካ ጀምሮ አልጋ ላይ እንደ ነበር የሰማሁት ከመርዶው በኋላ ነው።

ረፋዱ ላይ አዪ ፔርሙሳቸውን ይዘው ወጡ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ብርጭቆውን ሞሉ፤ ሁለት እጆቼን በእጆቻቸው ይዘው ብርጭቆውን አስጨበጡኝ። "ሙቅ ውኃ ጠጪ" አሉኝ። ጠጣሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ ክፍሌን ያልለቀቃችሁ፣ ምስር ወጥ ይዛችሁ የያንግትዜን ወንዝ ተሻግራችሁ የመጣችሁልኝ እህቶቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተ ባትኖሩ ለአባቴ ማልቀሻ ቦታ አልነበረኝም።

ልጅ ውጭ የላካችሁ ሁሉ፣ በዚህ በዓል የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ አትደብቁን። "ፈተና ላይ ናት፣ ትረበሻለች" የምትሉት ከፍቅር እንደ ሆነ አውቃለሁ። ፈተና ግን በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ይደገማል። አባቴ መናገር ቢያቅተው እንኳ ስልኩን ጆሮው ላይ ብታደርጉለት እኔ አወራው ነበር።

ዘንድሮ ዉሃን የመጣችሁ ልጆች፣ ማታ ኑ፤ ዳቦው ይበቃናል። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለአዪ ሰጥቻቸዋለሁ። በሙቅ ውኃ እያወራረዱ በሉልኝ።

አሁን እዚያ ነግቷል። እማዬ፣ ልደውልልሽ ነው። እንኳን አደረሰሽ ካልኩሽ በኋላ ስለ ጉልበትሽ እጠይቅሻለሁ፤ ካመመሽ "ደህና ነው" አትበይኝ።