ተበዳይ የሌለው መዝገብ

ዐቃቤ ህግ ሆኜ ከያዝኳቸው መዝገቦች ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ የግድያ ወይም የዝርፊያ አይደለም። የውሃ ነው።

ከቃሊቲ ወዲያ፣ የአቃቂ ወንዝ ከከተማ ወጥቶ ወደ አባ ሳሙኤል በሚወርድበት በኩል የሚያርሱ አንዲት እናት ቢሯችን መጡ። በፌስታል የጠቀለሉት ሃይላንድ ይዘዋል። ውስጡ ያለው ውሃ ሰማያዊም አረንጓዴም ያልለየለት ነበር። ክዳኑን ሲከፍቱት ክፍሉ የተበላሸ እንቁላል ሸተተ።

ወሩ የካቲት ነው። በክረምት ወንዙ ስለሚሞላ ከቆዳ ፋብሪካው የተለቀቀው ነገር ታጥቦ ይሄዳል፣ ማንም ልብ አይለውም። በበጋ ውሃው ሲያንስ ግን ሁሉም ገሃድ ይወጣል። ገበሬው በሞተር እየሳበ ቆስጣና ሰላጣ የሚያጠጣው ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው።

መርማሪው ሃይላንዱን አይቶ "እማማ፣ ይሄ ማስረጃ አይሆንም" አላቸው። ልክ ነው። ማን ቀዳው? ከየት? በስንት ሰዓት? ማን አሸገው? መልስ የለም። እኔ ግን ፋብሪካዎቹ ፍሳሹን መቼ እንደሚለቁት ጠየቅኳቸው።

"ቅዳሜ ማታ ነው ልጄ። መንግስት ቅዳሜ ማታ እንደማይሰራ ያውቃሉ።"

ከዚያ በፊት የቆዳ ፋብሪካው ሁለት ጊዜ ተፈትሿል። ሁለቱም ፍተሻ የተደረገው በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። ሁለቱም ሪፖርት "የተለየ ነገር አልታየም" ይላል። ሴትዮዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገሩን ነገር በሁለቱም ሪፖርት ውስጥ የለም። ከእርሳቸው በፊት ማንም የወንዙን ዳር ሰው አልጠየቀም ማለት ነው።

የአካባቢ ባለሙያው ወጣት ልጅ ነው። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሰረት ተቆጣጣሪ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ግቢ ገብቶ ናሙና መውሰድ እንደሚችል ከእኔ በላይ ያውቃል። የቸገረው መኪና ነው። የነዳጅ ኩፖን ቅዳሜ የሚፈርም የለም። በመጨረሻ የጓደኛውን መኪና ለምኖ ከመርማሪው ጋር ሄደ። እኔ አልወረድኩም። ዐቃቤ ህግ ናሙና ሲቀዳ እዚያ ከቆመ ነገ ራሱ ለምስክርነት ይፈለጋል። ቤቴ ሆኜ ስልኬን ይዤ አመሸሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ክሱ የዳነው እዚህ ነውና። ባለሙያው ናሙናውን ከሦስት ቦታ ቀዳ። ከፋብሪካው ፍሳሽ ቱቦ በላይ፣ ከቱቦው አፍ፣ ከቱቦው በታች። ፒኤች፣ ማለትም የውሃውን አሲድነት ወይም አልካላይነት፣ እዚያው ለካ። ሊጠብቁት የሚገባው ደረጃ ከ6 እስከ 9 ነው፤ ከቱቦው የወጣው፣ የቆዳ ፀጉር የሚለቀቅበት የኖራ ውሃ ግን ከዚያ በብዙ አልፎ ሄደ። ቆዳ ለሚለፋበት ብረት፣ ለክሮሚየም፣ ምርመራ የሚሆነው ላይ ናይትሪክ አሲድ ጨመረበት፣ እንዲህ ከተደረገ ቢቆይም አይበላሽም። ውሃው ኦክስጅን ምን ያህል እንደሚበላ የሚያሳየውን ምርመራ ግን ተወው። ያ ናሙና በበረዶ ተይዞ ቶሎ ላብራቶሪ መድረስ አለበት፣ እሁድ ደግሞ ላብራቶሪ ዝግ ነው። የማያስኬደውን ትቶ የሚያስኬደውን ያዘ። የፋብሪካው ጥበቃ እሽጉ ላይ አልፈርምም ሲል የቀበሌ ተወካይ ቀስቅሰው አስፈረሙ። ይህን ልጅ ያመሰገነው ሰው ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም። እኔ አመሰግነዋለሁ።

ውጤቱ ሲመጣ መዝገቡን ይዤ ኃላፊዬ ዘንድ ገባሁ። ቀጥሎ የተባባልነውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ተበዳዩ ማነው?" አሉኝ።

"ስማቸውን ጽፌያለሁ።"

"እሳቸው ምስክር ናቸው።"

"አትክልታቸው ደርቋል። ተበዳይም ናቸው።"

"ቆስጣ በፀሐይም ይደርቃል። ተበዳይ የሌለው መዝገብ ነው ይዘሽ የመጣሽው። ለመሆኑ ፋብሪካው ስንት ቤተሰብ እንደሚያሳድር ታውቂያለሽ?"

የወንጀል ህጉ አንቀጽ 519 ህግ ተላልፎ በካይ ነገር ወደ አካባቢ የለቀቀን ሰው ይቀጣል። ሰው ታመመ ወይም ሞተ የሚባለው ቅጣቱን ለማክበድ ነው እንጂ ወንጀሉን ለማቋቋም አይደለም። አዋጅ 300ም ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው ማመልከት ይችላል ይላል። ይህን ሁሉ አስረዳሁ። ኃላፊዬ ህግ ስለማያውቁ አልነበረም የጠየቁኝ።

ያ ቆስጣ ሌሊት ተጭኖ ጠዋት የከተማው ገበያ ይደርሳል። ስንት ቤት እንደሚበላው ማንም አይቆጥርም። የፋብሪካው ሠራተኛም ገዝቶት ለልጆቹ ይቀቅለዋል። ስንት ቤተሰብ ያሳድራል ሲሉኝ የመጣብኝ ይሄ ነው። ተናግሬዋለሁ። ዝም ብለው እስክሪብቶ አነሱና መዝገቡ ዳር ላይ "ከህግ አንጻር ታይቶ ይወሰን" ብለው ጻፉበት።

መንግስት ቤት የሰራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከተሳካ የጋራ ነው፣ ከተበላሸ ግን ያንቺ ብቻ። ደሜ ፈላ። ክሱን በማግስቱ ከፈትኩ። እኚሁ ሰው በሌላ ዓመት፣ ግንቦት 28 የዓለም የአካባቢ ቀን ሲከበር፣ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ወንዞቻችን ሲናገሩ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። አላጨበጨብኩም።

ችሎት ላይ የተከሳሽ ጠበቃ ጎበዝ ነበር። "ወንዙ ከላይ ጀምሮ የከተማውን ሁሉ ቆሻሻ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ የደንበኛዬ ድርሻ የቱ ነው?" አለ። እውነቱን ነው፣ አቃቂ ከላይም ንጹህ ሆኖ አይመጣም። ከወንዙ ብቻ ተቀድቶ ቢሆን ኖሮ በዚህች ጥያቄ ክሳችን ያበቃ ነበር። ግን ከቱቦው በላይ የተቀዳው ናሙና ነበረን፣ ከአፉም ነበረን። ባለሙያው ሳይቸኩል አስረዳ። ፍርድ ቤቱ ድርጅቱን ይከላከል አለ፣ መከላከያው አላረካውምና ጥፋተኛ ብሎ የገንዘብ መቀጮ ጣለበት።

መቀጮው ለዚያ ፋብሪካ ምንም ማለት አይደለም። አንቀጽ 519 ራሱ ለመቀጮ ያስቀመጠው ጣሪያ 10,000 ብር ነው። ህጉ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 10,000 ብር ገንዘብ ነበር። ለድርጅት ስሌቱ ሌላ ቢሆንም ማጣሪያ ከመግዛት መቀጮ መክፈል አሁንም ይረክሳል። ይህ መቀየር አለበት ብዬ በየስብሰባው ተናግሬያለሁ፣ አሁንም እናገራለሁ።

ሴትዮዋ ከችሎት ስንወጣ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ብሩ ለማን ነው የሚሄደው?"

"ለመንግስት ነው እማማ።"

"መንግስት ምኑ ደረቀበት?"

መልስ አልነበረኝም። ካሳ ጠይቀው ነበር። የወንጀል ስነ ስርዓቱ አንቀጽ 154 ተጎጂ በዚያው መዝገብ ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ማመልከቻቸውን ያጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ፍርድ ቤቱ ጉዳቱን ማስላት የወንጀል ክሱን ያጓትታል ብሎ በፍትሐ ብሔር እንዲሄዱ ነገራቸው። ይህንም ህጉ ይፈቅድለታል። ለፍትሐ ብሔር የዳኝነት ክፍያ አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ቀጠሮ አለ። በድህነት፣ ያለ ዳኝነት ክፍያ፣ ልክሰስ ብለው ማመልከት እንደሚችሉ ነገርኳቸው። "ማን ቤት እየጠበቀልኝ ልመላለስ?" አሉኝ። አልሄዱም።

ኃላፊዬ ተበዳይ የለም ያሉት መዝገብ በጥፋተኝነት ሲዘጋ ተበዳይዋ በባዶ እጃቸው አውቶቡስ ተራ ቆመው ነበር። ከዚያ ወዲህ ምድቤ ተቀይሮ ሌሎች ብዙ ክሶች ይዣለሁ። ያሸነፍኩት ክስ እንዲህ የከነከነኝ ግን ይሄኛው ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ስልኬን አልጣሉትም። አምና በበጋ ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ደግሞ ጀመሩ።"

"ቅዳሜ ማታ?"

"አይ፣ ቅዳሜማ ተነቅቶበታል። አሁን እሁድ ሌሊት አድርገውታል።"

ስልኩን ዘግቼ ለባለሙያው ደወልኩ።