"በሺ ዓመቱ ርስት ለባለቤቱ" ጭቃው ላይ ሲደርስ

ኖርዝ ካሮላይና ባህሩ ዳር ትንሽ መሬት ገዝተን ኦይስተር (ቅርፊት ያለው የሚበላ የባህር እንስሳ) እናርባ ብለን ከአማቼ ጋር የተነሳነው አምና ነው። ሻጩ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው፣ ጨዋ ሰውዬ፣ ግን የጠሩት ዋጋ ከጎረቤቶቹ በጣም ይበልጣል። ለምን ስንላቸው እጃቸውን ወደ ጭቃው ዘርግተው "ያም አብሮ ነው፣ ቅድመ አያቶቼ ከእንግሊዝ ንጉስ ያገኙት ነው" አሉን። ጭቃ ስላችሁ ውሃው ሲሞላ የሚሸፈነው፣ ሲሸሽ ደግሞ ወለል ብሎ የሚታየው፣ ጫማህን ውጦ የሚያስቀርብህ አይነት።

እኔማ አመንኩ። "በሺ ዓመቱ ርስት ለባለቤቱ" እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ 300 እንኳን ያልሞላው ምን አላት ብዬ። አማቼ ነው "እስቲ መጀመሪያ ወረቀቱን እንየው" ያለው።

ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) የዲድ መዝገብ ቤት፣ የመሬት ሽያጭ ውል የሚቀመጥበት፣ ገባሁ። ከአሁኑ ባለቤት ተነስተህ ለሱ ማን ሸጠለት፣ ለዛኛውስ ማን ሸጠለት እያልክ ወደ ኋላ መሄድ ነው ስራው፣ ሲወራ ቀላል ነው ግን የስሙ ስፔሊንግ ይቀያየራል፣ አንዱ ያለ ወረቀት ወርሶ ያልፋል፣ ሶስት ቀን ከስራ ቀርቼ ነው የጨረስኩት። የንጉሱ ዘመን ወረቀት፣ ግራንት የሚሉት መሬቱ የተሰጠበት ሰነድ፣ ደግሞ ዋና ከተማው ራሌይ፣ ስቴት አርካይቭ (የስቴቱ ቤተ መዛግብት) ነው ያለው። ኮፒውን ሳገኝ እጄ ላይ ላብ ነበር። ከአንድ ኦክ ዛፍ ይነሳና ይሄን ያህል ፖል ወደ ምስራቅ ምናምን እያለ (አንድ ፖል 16 ጫማ ተኩል ነው) ክሪኩ (ትንሿ የውሃ መግቢያ) ጋ ሲደርስ ያቆማል። ጭቃ የሚል የለም፣ የውሃው ስር የሚል የለም። ጭራሽ መሬቱን አልምተህ ካልሰፈርክበት ይሻርብሃል የሚል ሁሉ አለበት፣ በየዓመቱ የሚከፈል ግብርም አለው። ያኔም ቢሆን ተሰጠኝ ብሎ ቁጭ ማለት አልነበረም ማለት ነው።

ነገሩን የጨረሰው ግን ሌላ ነው። በ1965 ስቴቱ አንድ ህግ አወጣ፣ 25ቱ የባህር ዳር ካውንቲዎች ውስጥ ጀልባ የሚሄድበት ውሃ ስር ያለው መሬት የኔ ነው የሚል፣ ወይ ከሌላው ህዝብ የበለጠ የማጥመድ መብት አለኝ የሚል፣ ግራንቱን ከቅየሳ ካርታ ጋር አምጥቶ ያስመዝግብ፣ እስከ ጃንዋሪ 1, 1970 ያልተመዘገበ መብት ውድቅ ነው። አለቀ። ንጉስ ይስጠው ማን ይስጠው፣ ዝም ያለ ቀረበት። እኔ መጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ልክ ናቸው እላለሁ፣ ያለዛ ማንም ከሳጥን ውስጥ የድሮ ወረቀት እያወጣ ባህሩን ሊያጥር ነው።

የኛ ሰውዬ ቤተሰብ ተመዝግቧል ወይ ብዬ ሞርሄድ ሲቲ ያለው የስቴቱ የዓሳ ሀብት ቢሮ ደወልኩ። የለም። ጥሪው አስር ደቂቃ አልፈጀም፣ እኔ ግን እሱን ሳላደርግ በፊት ለቀያሽ ከፍዬ ጭቃውን ሁሉ አስለክቼ ነበር፣ እስካሁን ያበሳጨኛል። መጀመሪያ ደውሉ። ደላላው ደግሞ "ታይትል ኢንሹራንስ (የባለቤትነት መድን) አለ አታስቡ" ሲለን ነበር፣ የመድኑ ውል ሲመጣ ከኋላው በትንንሽ ፊደል ውሃ የሚገባበትን መሬት አይሸፍንም ይላል። "እኛ ይዘነው ኖረናል" የሚለውም አያዋጣም፣ ህዝብ የሚጠቀምበትን የስቴት መሬት ረጅም ጊዜ ስለያዝከው ያንተ አይሆንም።

ሽማግሌው ጋ ወረቀቱን ይዘን ተመለስን፣ ለማሳጣት ሳይሆን ዋጋ ለመነጋገር። መነፅራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። "አባቴ 1970 ላይ በህይወት ነበር፣ ምንም አልነገረኝም" አሉ። ደረቁን ብቻ በጎረቤቶቹ ዋጋ ሸጡልን፣ ለጭቃው ከስቴቱ ሊዝ ጠይቀን እየጠበቅን ነው። ስንፈራረም ውሃው ሸሽቶ ነበር፣ ሁለት ልጆች ባልዲ ይዘው ክላም፣ እሱም ቅርፊት ያለው ነው፣ ከጭቃው ይለቅማሉ። ድሮም ይመጡ ነበር ወይ አልኳቸው ሽማግሌውን። "ሁሌም" አሉ፣ "አባርሬያቸው አላውቅም።"