የእናቴ ቀኝ እግር

አሥራ አንድ ዓመት የነዳሁት ዲኤክስ ኮሮላ ነበር። ክረምት ሲገባ ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደውን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ፣ ከፊቴ ላለው መኪና ሰፊ ቦታ ትቼ ነበር የምወርደው። አስፋልቱ ሲረጥብ ፍሬኑን በኃይል ከረገጥኩት ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል። አንድ ጊዜ ተንሸራትቶብኝ ማገዶ ከተሸከሙ ሴቶች አጠገብ ሲቆም የተሰማኝን ድንጋጤ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ ያሪስ ገዛሁ። ኤቢኤስ የሚባለው የፍሬን መቆጣጠሪያ ስላለው ፍሬኑን አጥብቀው ቢረግጡትም ጎማው አይቆለፍም፤ ፔዳሉ ከእግር ሥር እየተንቀጠቀጠ መሪው ይታዘዛል። ደስ አለኝ።

ባለፈው ሐምሌ እናቴን ከእንጦጦ ማርያም ይዤ ስወርድ ዝናብ ነበር። ጋቢና ተቀምጣ ቀኝ እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ ስትጫን አየኋት።

«ምነው እማዬ?»

«ልጄ፣ በአሮጌው መኪና እንዲህ አትነጂም ነበር።»

ልክ ነበረች። በሦስተኛ ማርሽ ነበርኩ፤ የፊተኛው ሚኒባስ ታርጋ ቁጥር በዝናቡ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይነበበኛል። የተሻለው ፍሬን የሰጠኝን ርቀት እኔው መልሼ በፍጥነት በልቼዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሙኒክ ውስጥ በታክሲ ሹፌሮች ላይ የተደረገ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ኤቢኤስ ያላቸውም የሌላቸውም ታክሲዎች ያደረሱት አደጋ ተቀራራቢ ነበር፤ ኤቢኤስ ያላቸው ኩርባውን በኃይል ይታጠፉ፣ ከፊታቸው ላለው መኪናም ይጠጉ ነበር። ስዊድን ደግሞ መስከረም 3 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትቀይር ሹፌሩ ሁሉ ፈርቶ ተጠነቀቀ፣ አደጋው ቀነሰ። ሰው አዲሱን መንገድ ሲለምደው ግን ቁጥሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ይህን ይዘው «እንግዲያው ቀበቶውም ፍሬኑም ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ቀበቶ ሕይወት ያድናል፣ እኔም ሳላስር ሞተር አላስነሳም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ ቀበቶውም ኤርባጉም የሚጠብቁት እኔን ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ግን አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እኔ ተማምኜ የጨመርኩት ፍጥነት የሚያርፈው ምንም መከላከያ በሌለው ሰው ላይ ነው። ማገዶ ተሸካሚዎቹ ዛሬም በዚያው ቁልቁለት ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ።

አሁን ከእንጦጦ ስወርድ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ተመልሻለሁ። ከኋላዬ ያለው ጥሩንባ ይነፋብኛል። እኔ የማየው የእናቴን እግር ነው።