ደም ያልታየባት ዶሮ

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን እንደያዝኩ፣ ሙቀቱ ገና በጠዋት በሚጀምርበት የግንቦት ወር፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ላይ አንዲት እናት የሙዝ ካርቶን ታቅፈው ከባጃጅ ወረዱ። ሳቢያን ሰፈር ካለው ግቢያቸው ሊነጋጋ ሲል ውሻ በሽቦው አጥር ሥር አፈሩን ምሶ ገብቶ፣ ከስድስት ዶሮዎቻቸው ሦስቱን ገድሎባቸው ነበር። ጎረቤቶች «የቀሩትንም በክት ሳይሆኑ እረጃቸው» ቢሏቸውም እሳቸው እምቢ ብለው ወደ እኛ አመጧቸው።

ካርቶኑን ስከፍት ዓይኔ ያረፈው በቀይዋ ዶሮ ላይ ነበር። የጀርባዋ ቆዳ ከክንፏ ሥር እስከ ጭራዋ ተገሽልጦ ሥጋዋ የሚታይ ሲሆን፣ ደሙን ለማቆም ተብሎ የተነሰነሰባት የቡና ዱቄት ከላባና ከደም ጋር ተጋግሮ ጥቁር ቅርፊት ሠርቷል። አውራው ጭራው ተነቅሎ እግሩ ተልጧል። ሦስተኛዋ ነጭ ቄብ ግን ጥግ ይዛ፣ ዓይኗን ከደን ከደን እያደረገች ዝም ብላለች። ጥቂት የደም ነጠብጣብ ብቻ ስላየሁባት ከሌሎቹ የተረጨባት መስሎኝ፣ ውኃ አስቀምጬላት ወደ ቀይዋ ዞርኩ።

ቀይዋ ብቻዋን አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደችብኝ። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 9 ግራም ጨው በጥብጬ፣ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ቁስሉን ደጋግሜ አጠብኩ፤ ከዚያ ጊዜ ውስጥ ግማሹ ያለቀው ቡናውን ከሥጋው በመለየት ነው። ቡና ቤት ሲጠጣ ደስ ይላል፤ ቁስል ላይ ግን ለሚያጥበው ሰው ሥራ ከመጨመር በቀር የሚረባው ነገር አልታየኝም። የዶሮ ቆዳ ስስ በመሆኑና ሲነጩት አብሮ ስለሚቀደድ፣ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ ቆረጥኩት፤ ቀጥዬም የቀጠነ ሻይ እስኪመስል ድረስ በውኃ ባቀጠንኩት አዮዲን ጠረግኩት። ሁሉንም ለየብቻ እንዲያስቀምጧቸው ነገርኳቸው፤ ዶሮ ቀይ ነገር ካየች የገዛ እህቷንም ቢሆን ከመንቆር አትመለስምና። መጻሕፍት የደነገጠ እንስሳ ሙቀት እንዲያገኝ ይመክራሉ፤ ነገር ግን የጤነኛ ዶሮ ሰውነት ራሱ ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ስለሚደርስና ዶሮ ስለማታልብ፣ በድሬ ግንቦት የሚያስፈልጋት ጥላና ነፋሻ ቦታ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እናትየው ነጯን ብቻ ይዘው ተመለሱ። በክንፏ ሥር ያለው ቆዳ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ነበር፤ በጣቴ ስጫነው እንደ ስስ ላስቲክ ተንኮሻኮሸ። ላባውን እፍ እያልኩ ስገልጥ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ሁለት ቀዳዳዎች አገኘሁ፤ በአንደኛው ውስጥ የዝንብ ትል ይርመሰመሳል። የውሻ ክራንቻ ሲገባ ከላይ የሚተወው ቀዳዳ ትንሽ ቢሆንም፣ ይዞ ሲያራግፍ ከሥር ያለውን ሥጋ ይጨፈልቃል። በዚያ ላይ ዶሮ የአየር ከረጢቶቿ በደረትና በሆዷ ውስጥ የተሠራጩ ስለሆኑ፣ ጥርስ አንዱን ከበሳው በተነፈሰች ቁጥር አየሩ ወደ ቆዳዋ ሥር ይገባል። የዝንብ እንቁላል ደግሞ በእንዲህ ያለ ሙቀት ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይፈለፈላል። በመርፌ አየሩን አወጣሁላት፣ ትሉንም ለቀምኩ፤ ስድስት ሰዓት ሳይሆን ሞተች። ዝምታዋን ጤና ብዬ ማንበቤ ነበር ስህተቱ፤ አዳኝ የሚበዛበት ፍጥረት ሕመሙን ይደብቃል፣ ይህንንም ተምሬዋለሁ። አለቃዬ ሬሳውን አይቶ «ዶሮ በዓይን አትመረመርም፤ በጣትህ ዳብሳት» ብቻ ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚህ የከፋውን ያየሁት ግን ካርቶኑን መልሼ ስሰጣቸው ነው። በቀኝ እጃቸው ጣት ላይ የሻሽ ቁራጭ ጠምጥመዋል። በድሬ ልማድ አንቱታ ብዙም ስለሌለ፣ «እማማ፣ ጣትሽን ምን ነካሽ?» አልኳቸው። «ቀይዋን ከአፉ ሳስጥላት ቧጠጠኝ፤ ምንም አይደል አቦ!» አሉኝ። ውሻው የማን እንደሆነ ስጠይቅ በሰፈር ታይቶ የማያውቅ ነው። ትናንት አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አጠገቤ ቆመው ቀይዋን ይዘውልኛል፤ ያ ጣት ከዓይኔ ሥር ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ እንደሌለው፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ እንደሚገባ፣ ውሻውም ቢገኝ ለ10 ቀን በክትትል ሥር እንደሚቆይ ለሌሎች ስናገር ኖሬ፣ እሳቸውን አንድ ቃል አልጠየቅኳቸውም። ቧንቧው ሥር አስቁሜ ሰዓት እያየሁ አሳጠብኳቸው፣ ከዚያም በባጃጅ አብሬያቸው ሄጄ ክትባቱን አስጀመርኳቸው። ውሻው አልተገኘም፤ እሳቸው ግን ቀጠሮ ሳያጓድሉ ክትባቱን ጨርሰዋል።

አውራው በሳምንቱ መጮህ ጀመረ። ቀይዋ ኦክሲቴትራሳይክሊን በተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት የጀመረችው ሕክምና እስኪያበቃና በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው፣ እንቁላሏ የማይበላበት የመታቀቢያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ የጣለቻቸው እንቁላሎች እንዲጣሉ ማዘዜ እናትየውን በብዙ አስቆጭቷቸው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ጀርባዋ ላባ መልሶ እንደሆነ ሊያሳዩኝ በዚያው ካርቶን ይዘዋት መጡ። እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀምጠው ሁለቱንም መዳፋቸውን ዘረጉልኝና፣ «መጀመሪያ ይኼንን እይ፤ ዶሮዋ ትደርሳለች» አሉኝ።